ዝም ያለችው ገዢ

ስታትስቲክስ አስተምሬ ስወጣ ከንግድ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋር በኮሌጁ ኮሪደር ላይ ድንገት ተገናኘን። ሰላምታችንን ሳንጨርስ ከአንዱ ክፍል የሳቅና የወንበር ጉተታ ድምፅ ተሰማ። የክፍሉ አስተማሪ የእህታቸው ልጅ ናት፤ ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም።

«ሰማህ?» አሉኝ። «ይህን የጨዋታ ሰዓቷን ዛሬውኑ ነው የምሰርዘው። ለዘመዱ አዳላ መባል አልፈልግም።»

በሩን ሳያንኳኩ ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ጠረጴዛዎቹ ተገጣጥመዋል፤ ተማሪዎቹ ግማሹ ሻጭ፣ ግማሹ ገዢ ሆነው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። መሃል ላይ አንድ ጥንድ ጫማ አለ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ክፍል ነው ገበያ?»

«የንግድ ትምህርት አይደል ጋሼ? ገበያ ቢመስል ምን ይገርማል?» አለች ፈገግ ብላ። «ገዢዎቹ የሌላ አገር ነጋዴዎች ናቸው። የዚያን አገር ልማድ አጥንተው መጥተዋል፤ ሻጮቹ ግን አያውቁትም።»

«ንግድ የትም ንግድ ነው! ትርፍ በየትኛውም አገር ትርፍ ነው። እኔ ከመጽሐፉ ያስተማርኳቸው ምን ጎድሎት?»

«ሂሳቡ ልክ ነው፣ ጋሼ። ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠውን ሰው ግን መጽሐፉ አያውቀውም። እስቲ አንድ ጊዜ ሻጭ ይሁኑልን። ከዚያ ቢሰርዙትም አልከራከርም።»

ኃላፊው የኮታቸውን ቁልፍ ቆልፈው ተቀመጡ። ጫማውን እያገላበጡ ቆዳውን፣ ስፌቱን፣ ሶሉን አሞገሱ፤ እውነት ለመናገር አንደበታቸው ያምር ነበር። ዋጋም ጠሩ። ፊት ለፊታቸው ገዢ ሆና የተቀመጠችው ተማሪ ጫማውን ተቀብላ አየችውና ዝም አለች።

«ላንቺ ስል ትንሽ ልቀንስ» አሉ። ዝም። «እሺ፣ ማጓጓዣውን እኔ ልቻል።» አሁንም ዝም። «ኧረ ተናገሪ ልጄ! በግማሽ ዋጋ ውሰጂው በቃ!»

«መምህር፣ የመጀመሪያውን ዋጋ ተቀብለነው ነበር» አለች ልጅቷ በቀስታ። «በኛ አገር ደህና ሐሳብ ላቀረበ ሰው ቶሎ መልስ መስጠት ነውር ነው።»

ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። የኃላፊው ፊት ደም መሰለ። «አውቄ እኮ ነው!» አሉ። «የችኩል ሻጭን ጥፋት ላሳያችሁ ብዬ ነው።»

ሳቁ ወዲያው ቆመ። «እሺ መምህር» አሉ ተማሪዎቹ። ማንም አላመናቸውም፤ ማንም ግን ሊያጋልጣቸው አልፈለገም። የተማሪዎቹን ሳቅ ችለው የነበሩት ሰውዬ ይህን ጨዋነት መቻል አቃታቸው። ተነስተው ወጡ።

እኔና የእህታቸው ልጅ ተከትለናቸው ስንወጣ ግድግዳ ተደግፈው አገኘናቸው።

«መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ» አሉ። «ገዢ ዝም ካለ ዋጋ ቀንሱ እያልኩ ስንቱን ልጅ ወደ ሥራ ላክሁ! ይህ አልበቃኝ ብሎ ልጆች ፊት ዋሸሁ።»

«የማያውቁትን አገር ልማድ መሳት አያሳፍርም፣ ጋሼ። እዚህ ብንሳሳት ስቀን እናልፈዋለን። ነገ ሥራ ይዘው ከውጭ ገዢ ጋር ሲቀመጡ ግን ስህተታቸው የስንት ሠራተኛን ኑሮ ይዞ ይሄዳል።»

«ታዲያ የዓለምን ልማድ ሁሉ ልታስሸመድጃቸው ነው?»

«የለም። ያልገባቸውን ሳይጠይቁ በራሳቸው ልማድ እንዳይተረጉሙ ነው የምፈልገው። ይህ ደግሞ በገለጻ ብቻ አይገባም። አሁን እርስዎን እንዳላበዎት እነሱንም ሊያልባቸው ይገባል።»

ሳያስቡት ፈገግ አሉ፤ ግን ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ። እኔም ራሴን ታዘብኩ፤ ስታትስቲክስ የማስተምረው ከአንድ አገር ምሳሌ ሳልወጣ ነው። የእሳቸው ስህተት ባደባባይ ወጣ እንጂ የሁላችንም ነበር። ተማሪ በሌላው ወንበር ተቀምጦ ሲያየው መደራደርን ብቻ ሳይሆን መስማትንም ይማራል፤ ባዕዱን ከመናቁ በፊት ይጠይቀዋል።

ኃላፊው ተመልሰው በሩን አንኳኩና ገቡ።

«ልጆች፣ አውቄ አልነበረም» አሉ። «ስላላወቅኩ ነው። ይህ ሰዓት ይቀጥላል።»

ከኋላ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «መምህር፣ አምና ያስተማሩንንስ ምን እናድርገው?»

ጥያቄው ክፋት አልነበረውም፤ ለዚህም ይሆናል የበለጠ የቆጠቆጣቸው።

«አምጡት» አሉ። «እዚሁ ጠረጴዛ ላይ እንፈትነዋለን። የወደቀውን አብረን እንጥላለን።»

ኮታቸውን አውልቀው ከተማሪዎቹ መሃል ወንበር ሳቡ። የማንንም ዓይን ግን ቀና ብለው ለማየት አልደፈሩም።