በፖስተኛዋ መቃብር አጠገብ የተነበበው ገጽ

ቬንዴል በሙታን መታሰቢያ ቀን በሃንጋሪዋ ከተማ በሚሽኮልትስ ወዳለው መቃብር የሚሄደው ዘመድ ኖሮት አይደለም። በየዓመቱ አንድ ሻማና አንድ እቅፍ ነጭ አበባ ይዞ፣ ኮቱን እስከ አገጩ ቆልፎ፣ ፒሮሽካ የምትባል ፖስተኛ መቃብር አጠገብ ይቆማል። በሕይወት ሳለች አንድም ቀን አላነጋገራትም። ከስድስት ዓመት በፊት በብስክሌት ደብዳቤ ስታደርስ፣ አንድ ባቡር አለፈና የባቡር ማቋረጫው መዝጊያ ተነሣላት፤ ስትገባ ከወዲያ በኩል የመጣው ሁለተኛ ባቡር ገጫት። መዝጊያውን የሚያዝዘውን ፕሮግራም የጻፈው ቬንዴል ነበር።

ዘንድሮ ግን ሰው አገኘው።

«ጋሽ ቬንዴል፣ እርስዎም እዚህ ነዎት?»

ኤመሼ ነበረች፤ መሥሪያ ቤቱ ከገባች ዓመት ያልሞላት መሐንዲስ። የአያቷ መቃብር ሁለት ረድፍ አለፍ ብሎ ነው። ከቦርሳዋ ከአበባው ጋር፣ ቢሮ ሁልጊዜ የምታነበው ያ ወፍራም የፕሮግራም አሠራር መጽሐፍ ብቅ ብሏል።

«መቃብር ድረስ ይዘሽው መጣሽ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት ይኼ ነው።»

«አውቶቡስ ላይ እያነበብኩት ነው። ደግሞ ወረቀት ባይለቅ ይሻላል ጋሼ፤ የሚለቀው ራስ ነው። እርስዎ በገና ጡረታ ይወጣሉ። የአርባ ማቋረጫ ፕሮግራም ነገር እርስዎ ራስ ውስጥ ነው ያለው። ከዚያ በኋላ ማንን እንጠይቅ?»

ቬንዴል ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ሃያ አምስት ዓመት ጃቫ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ በጣቱ የጻፈ ሰው፣ ከመጽሐፍ ተማር ሲባል እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ እያልን ልጆቻችንን እንመክራለን፤ እኛው ግን ሽበት ካበቀልን በኋላ መጠየቅ ያሳፍረናል።

«ያንቺን መጽሐፍ አውቀዋለሁ» አላት። «መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ሣጥን ሣይ፣ ሣጥኖቹን በመስመር አያይዢ፣ ከዚያ መሣሪያ የሚሉት ፕሮግራም ራሱ ጃቫውን ይጽፍልሻል። የሰነፍ ዘዴ ነው።»

«ስንፍና አይደለም። መቶ ቦታ የሚበተነውን ነገር አንድ ቦታ ላይ ማየት ነው። ሥዕሉን ካየሁ ያልገባኝን እጠይቃለሁ። የእርስዎን ኮድ አይቼ ግን ምን ብዬ ልጠይቅ? ከየት እንደምጀምር እንኳ አላውቅም።»

«እኛም ሞክረነዋል እኮ፣ አንቺ ልጅ። መሣሪያው መጣ፤ ሣልን፤ ጻፈልን። ሁለተኛ ባቡር እየመጣ ከሆነ መዝጊያው እንዳይነሣ የሚል ትእዛዝ ጎድሎ ነበር። ጃቫው ውስጥ ገብቼ በእጄ ጨመርኩት። ፈተንነው፤ ደህና ሠራ። በወሩ ሥዕሉ ለሌላ ጉዳይ ተነካና መሣሪያው እንደገና ጻፈ። የጨመርኩትን በላው። ትንሽ ለውጥ ናት ብለን ዳግመኛ አልፈተንንም።» በአገጩ ወደ ድንጋዩ አመለከተ። «ለመርማሪዎቹም ይህንኑ ነው የነገርኳቸው። መሣሪያው በላው። ከዚያ ወዲህ ትተነው ሁሉን በእጄ እጽፋለሁ። ይኼ መጽሐፍሽ ነፍሰ ገዳይ ነው።»

ኤመሼ ይህን አታውቅም ነበር። ቬንዴል ትደነግጣለች ብሎ ጠበቀ፤ እሷ ግን አዘነችለት። ማዘኗ አስፈራው።

«ጋሽ ቬንዴል፣ መሣሪያው በጻፈው በእያንዳንዱ ክፍል አናት ላይ፣ ይህን የጻፈው መሣሪያው ነው የሚል ምልክት ነበረ?»

«በየቦታው ነበር። ምን እንደሚሠራ ግን አላውቅም።»

«እርስዎ በለወጡት ክፍል ላይ አነሡት?»

«ለምን ብዬ አነሣዋለሁ?»

መጽሐፉን ገለጠች፤ መልሳ ዘጋችው። «ይቅር። ሌላ ቀን እናወራለን።»

«አንብቢ።»

ነፋሱ ገጹን እያገላበጠባት በአውራ ጣቷ ይዛ አነበበች። በእጅ የተለወጠ ክፍል ምልክቱ ይነሣለት፤ ካልተነሣ መሣሪያው የራሱ ሥራ መስሎት፣ ዳግመኛ ሲጽፍ ይሽረዋል ይላል።

ቬንዴል ጎንበስ ብሎ ሻማውን ከነፋሱ ከለለ።

«ያኔ መጽሐፉ ቢሮ ነበር» አለ። «ገዝተውልን ነበር። አንገቴን እንዳያመኝ ስክሪኔን ከፍ ያደረግኩበት እሱ ነው። እላዩ ላይ እየሠራሁ፣ አንድ ቀን አልገለጥኩትም። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። ስድስት ዓመት ሙሉ የጮኽኩት እኔ ነኝ።»

«ዳግመኛ ያልፈተኑት ሌሎችም አሉበት።»

«አሉበት። እኔን ግን አያነጹኝም። ነገ ለመርማሪዎቹ እጽፋለሁ። የጡረታዬን ነገር እነሱ ይወቁበት።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እስከ ገና አርባውን ሥዬ እጨርሳለሁ? ታስተምሪኛለሽ?» አላት።

«አስተምርዎታለሁ። ምልክት ማንሣቱን ብቻ ግን አይደለም። ትእዛዙን ሥዕሉ ውስጥ እናስገባው። እዚያ ከገባ መሣሪያው ራሱ ይጠብቀዋል እንጂ አይሽረውም።»

በማግስቱ ደብዳቤው ተላከ። በሥራ ባልደረቦቹ ፊት ቀና ብሎ መሄድ ከበደው፤ ሰላምታ የነሡትም ነበሩ። እሱ ግን በየጠዋቱ ከኤመሼ አጠገብ እየተቀመጠ፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ በጣቱ መስመር እየተከተለ አነበበ። በራሱ ውስጥ ብቻ ያኖረው ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ሥዕሉ ወጣ። አዲስ የሚመጣ ሰው ሥዕሉን አይቶ ይረዳል፤ አንድ ቦታ ሲያርም አርባውም ቦታ ይታረማል፤ የጎደለውም በወረቀት ላይ እንዳለ ይታያል። ይህ ሁሉ ጥቅም ከስድስት ዓመት በፊት በስክሪኑ ሥር ነበር።

ስለ ሁለተኛው ባቡር የሚናገረውን ሣጥን የሣለው በራሱ እጅ ነው። ሥዕሉ ለእያንዳንዱ ሣጥን የማብራሪያ ቦታ አለው፤ እዚያ የተጻፈውን መሣሪያው ወደ ጃቫው ይገለብጠዋል። ቬንዴል ትእዛዙ ለምን እንደተጨመረ ጻፈ፦ «ለፒሮሽካ፣ ለፖስተኛዋ። ሳላነብ ስለሠራሁ ሞተች።»

ኤመሼ ማዘዣውን ተጫነች። መሣሪያው አርባውንም ማቋረጫ እንደ አዲስ ጻፈ፤ ስሟንም አርባ ጊዜ ጻፈው።