ልብ ዐረፍ እስክትል

አቶ ዑቕባይ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ሥር፣ ከባሕር ዛፉ ጥላ ተቀምጠዋል። ጡረታ እስኪወጡ እዚያው የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። ወሩ መጋቢት፣ ጾሙ ዐቢይ፣ ዘመኑም አብዮቱ ያረጀበት ዘመን ነው። ሐኪሞቹ «ከልብዎ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር የተሰነጠቀ ይመስላል፤ ነገ ደግመን እናያለን፤ ያው ከሆነ ደረትዎ ይከፈታል» ካሏቸው ወዲህ ዓለም እንደ ሕልም ፈዞባቸዋል፤ እግራቸው እንኳ ምድር የሚረግጥ አልመስል ብሏቸዋል።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ?»

ጎረቤታቸው ኣምለሰት ናት፤ ሲቲ ስካን የሚባለውን አዲስ መሣሪያ የምታሠራው። ትናንት የልባቸውን ምስል ያነሣችውም እሷው ነበረች። ከሥራ ወደ ቤቷ ስታልፍ ድንገት አየቻቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። የምሰናበተውን እየተሰናበትኩ ነው።»

«ኧረ ይተዉ! እኔ ምስሉን አላመንኩትም። ልብዎ ሲጋልብ ነው የተነሣው። መስመሩ ሁለት ሆኖ የታየው ልብዎ ስለዘለለ ሊሆን ይችላል። ለመሆኑ የሚያረጋጋውን ኪኒን ውጠው ነበር?»

ሽማግሌው ኪሳቸውን ዳበሱ። ኪኒኑ መሐረብ ውስጥ እንደተቋጠረ እዚያው አለ።

«ልዋሽሽ አይገባም፤ አልዋጥኩትም። በጾም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ እንኳ በአፌ አይዞርም። ደግሞስ እግዚአብሔር የሚያስሮጠውን ልብ ‹ቀስ በል› ማለት ድፍረት አይደለም?»

«መሣሪያው ውስጥ ‹ትንፋሽዎን ይያዙ› ስልዎም ከንፈርዎ ሲንቀሳቀስ ነበር።»

«ዳዊት እየደገምኩ ነዋ! እንደዚያ ያለ ዋሻ ገብቶ ዝም የሚል ምን ዓይነት ክርስቲያን ነው?»

ኣምለሰት ሳቋን አፈነች። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ሞተሩን አስነሥቶ ያጓራል።

«ያንን ይዩ። አፍንጫው ላይ የሚሽከረከሩትን የፕሮፔለሩን ክንፎች ይቆጥሩልኛል?»

«ሲዞር ማን ይቆጥራል? ጭስ ነው የሚመስለው። ሞተሩ ሲረጋ ነው እንጂ።»

«ልብም እንደዚያው ናት አባባ። ትቁም አላልንም፤ ትርጋ ነው ያልነው። በሁለት ምት መሐል ዐረፍ ትላለች፤ ደረትዎ ላይ የምንለጥፈው ሽቦ ያቺን ቅጽበት ይነግረናል፤ ምስሉን የምንሠራውም ከእሷ ነው። ያለዚያ ግን ምንም ያልሆነ የደም ሥር ተሰንጥቋል ተብሎ ደረትዎ በከንቱ ይቀደዳል። ስለ ጾሙ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።»

«እሳቸውማ ‹ለበሽተኛ መድኃኒት አይከለከልም› ሲሉኝ ሰንብተዋል። ግትሩ እኔ ነኝ።»

አይ አቶ ዑቕባይ! ዕድሜ ልካቸውን «ሞተር ሳይረጋ እጃችሁን አታስገቡ» እያሉ በሥራቸው የሚለማመዱትን ልጆች ሲቆጡ ኖረው፣ የራሳቸው ሞተር ሲሆን ጊዜ ረሱት።

በማግስቱ ሆስፒታል ደርሰው ኪኒኑን ዋጡ፤ ተራቸው ሲደርስም ገብተው ተጋደሙ። «ትንፋሽዎን ይያዙ» ሲባሉ ያዙ፤ ዳዊቱን በሐሳባቸው አደረሱት። ልባቸው ቀስ፣ ቀስ እያለች ስትረጋ ተሰማቸው። ደመና ላይ የተኙ መሰላቸው፤ ያ ሁሉ ፍርሃት የት እንደገባ እንጃ።

ኣምለሰት ከሐኪሙ ጋር ምስሉን አይታ ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «መስመሩ አንድ ነው አባባ! አልተሰነጠቀም። የደረት ሕመምዎ በመድኃኒት የሚታከም ነው።»

አቶ ዑቕባይ አመስግነው ሲወጡ በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቁ አንዲት እናት ኪኒናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲቋጥሩ አዩ። ሄደው አጠገባቸው ቁጭ አሉ።

«እመት፣ ይፍቱት። ኪኒኗን ይዋጧት፤ ትንፋሽ ያዙ ሲሉዎትም ይያዙ። ልብ ስትረጋ ሐኪሙ እውነቱን ያያል፤ ደረትም በከንቱ አይቀደድም።»

«ጸሎቴስ?»

«በልብዎ ያድርሱት። እኔ ዛሬ ሞክሬዋለሁ፤ ይሰማል።»

ሴትዮዋ ቋጠሮውን መፍታት ጀመሩ።