የዶክተር እስቲ የመጀመሪያ ሥራ

ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ፣ ኀዘናችን ኀዘናችሁ ሆኖ ከጎናችን የቆማችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ብዙዎቻችሁ “ዶክተር እስቲ” እያላችሁ ስለምትጠሯቸው እኅታችን፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ያስታወሰውን ያህል ታናሽ ወንድማቸው እንዲያነብላችሁ ታዟልና፣ ጥቂት ጊዜ እንድትታገሡን በትሕትና እንለምናለን።

እኅታችን ከከተማ አውቶቡስ ሹፌር አባታቸውና ከአንደኛ ደረጃ መምህርት እናታቸው፣ ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው፣ ከአውቶቡሶች ማደሪያ ግቢ በስተጀርባ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። ማለዳ ሞተሮቹ ሲሞቁ ግድግዳው ስለሚንቀጠቀጥ፣ እናታቸው ብርጭቆዎቹን ከመደርደሪያው ጠርዝ ራቅ አድርገው ማስቀመጥን ልማድ አድርገውት ነበር፤ እኅታችን ግን በዚያ ጩኸት መካከል ተኝተው ያደጉ ስለነበሩ፣ በኋላ ዘመናቸው በሆስፒታል ግርግር ውስጥ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሸለብ ሲያደርጋቸው የሚያይ ሁሉ ይደነቅ ነበር። በልጅነታቸው ዝምተኛ አልነበሩም። ሁለት ታናናሽ ወንድሞቻቸው ስናጠፋ አጠገባቸው አስቀምጠው ጥፋታችንን ከሥሩ ጀምረው ያስረዱን ስለነበር፣ ከወላጆቻችን ቁጣ ይልቅ የእርሳቸው ማብራሪያ ያስፈራን ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤቶች በከፍተኛ ውጤት ካጠናቀቁ በኋላ፣ ሕክምና ለመማር ወደ ባሕር ማዶ ከተላኩት ተማሪዎች አንዷ ለመሆን በቁ። የመጀመሪያውን ዓመት ቋንቋ በመማር፣ የቀሩትን ዓመታት ደግሞ በዚያው በባዕድ ቋንቋ የሰውን ገላ ክፍልና የበሽታን ጠባይ በማጥናት አሳለፉ። አባታቸው በበኩላቸው መሪ ጨብጠው በተቀመጡ ቁጥር ከኋላቸው ለቆመው ተሳፋሪ ስለ “ዶክተሯ ልጄ” ሳይተርኩ አንድም ጉዞ አያጠናቅቁም ነበርና፣ በዚያ የአውቶቡስ መስመር ላይ የሚመላለስ ሰው ሁሉ የልጅቱን የፈተና ውጤት ከቤተሰቡ እኩል ይከታተል ነበር።

ተመርቀው ሲመለሱ ሻንጣቸው ገና ሳይፈታ፣ ጎረቤቱ ወገቡንም ጉልበቱንም ይዞ በር ላይ ተሰለፈ። እርሳቸው ግን ሐኪም ይባሉ እንጂ ለማከም አልተፈቀደላቸውም ነበር። ባሕር ማዶ የተገኘው ዲግሪ ከአገር ቤቱ ጋር አቻ መሆኑ መረጋገጥ፣ ከዚያም የሙያ ምዘናው ፈተና መታለፍ ነበረበት። ይህን ሁሉ ተወጥተው በየሆስፒታሉ የሰው ኃይል ክፍል ደጅ ሲጠኑ ደግሞ፣ በአገር ውስጥ ዎርድ የሠራ ሰው ብቻ እንደሚቀጠር ተነገራቸው። ልምዱ ከወዴት እንደሚገኝ ሲጠይቁ “ከሥራ ነዋ” የሚል መልስ ተሰጣቸው። ሥራው ልምድ ይጠይቃል፣ ልምዱ ሥራ ይጠይቃል፤ እኅታችንም በሁለቱ መካከል ቆመው ቀሩ።

በመጨረሻ አንድ ሆስፒታል ለጀማሪ ሐኪምነት ፈተና ጠራቸው። በዚያን ዘመን ፈታኞቹ ተወዳዳሪውን ወደ እውነተኛ ሕመምተኛ አልጋ ይወስዱት ነበርና፣ እኅታችንም ሆዳቸውን ይዘው በተኙ አንድ አዛውንት ፊት ቀረቡ። ባሕር ማዶ የተማሩትን ጥያቄ በልባቸው ቃል በቃል እየተረጎሙ “የሕመሙ ባሕርይ ምን ዓይነት ነው?” ብለው ጠየቁ። አዛውንቱም ጥቂት አሰብ አድርገው፣

“ባሕርዩማ ክፉ ነው ልጄ፤ እንደ ሰው አይለመድም” አሏቸው።

ፈታኞቹ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ቀጥሎም አዛውንቱ “ልቤን ያቃጥለኛል” ሲሉ፣ እኅታችን ነገሩ የጨጓራ መሆኑን ስተው ወደ ልብ ምርመራ ገሠገሡ። ሥራው ሳይገኝ ቀረ። አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ ከገዛ አገራቸው ሰው ጋር መግባባት ያቃታቸው መሰላቸውና፣ ወደ ቤት ተመልሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። አባታቸው ለተሳፋሪው “ነገ ዛሬ ትጀምራለች” ማለታቸውን አላቋረጡም፤ እኅታችን ግን ያን መስማት ስለከበዳቸው፣ ከቤት ሲወጡ በአባታቸው አውቶቡስ ከመሳፈር ይልቅ ረጅሙን መንገድ በእግራቸው መሄድ ጀመሩ።

ያም ሆኖ ተስፋ ቆርጠው አልቀሩም። ወደዚያው ወደወደቁበት ሆስፒታል ተመልሰው፣ ያለ ደመወዝ በታዛቢነት ዎርድ ውስጥ እንዲቆሙ እንዲፈቀድላቸው ለመኑ፤ ተፈቀደላቸውም። ታዛቢ ማለት ማዳመጫ አንጠልጥሎ የማያዳምጥ፣ ጋዋን ለብሶ መድኃኒት የማያዝ፣ ሐኪሞቹ ሕመምተኞቻቸውን እየዞሩ ሲያዩ ከሁሉም ኋላ ከምግብ ጋሪው ጋር እየተጋፋ የሚከተል ሰው ነው። በዚያ ዎርድ ከእርሳቸው አስቀድመው በዚሁ ሁኔታ የቆሙ፣ እንደ እርሳቸው ባሕር ማዶ የተማሩ አንድ ሌላ ሐኪም ነበሩ፤ ከቁመታቸው የተነሣ ሁሉም “ረጅሙ” ይሏቸዋል። ሁለቱም ቦታ የሌላቸው ነበሩና፣ በዎርዱ የኋላ መወጣጫ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ያመጡትን ምሳ እየተካፈሉ፣ አንደኛቸው ሐኪም ሌላኛቸው ሕመምተኛ እየሆኑ መለማመድ ጀመሩ። ረጅሙ ሕመምተኛ ሲሆኑ ከመጠን በላይ ያቃስቱ ስለነበር፣ አንድ ጊዜ አላፊ አግዳሚው እውነት መስሎት ቃሬዛ ይዞ እንደመጣ እስከ ዛሬ ድረስ ይወራል።

የዎርዱ ነርሶች ኃላፊ የነበሩት ሲስተር፣ በኮስታራነታቸው የታወቁ ሴት፣ እኅታችንን ለብዙ ሳምንታት በዝምታ ሲመለከቱ ከቆዩ በኋላ አንድ ቀን ጠርተው “አንቺ ልጅ፣ ትጠይቂና መልሱን ሳትሰሚ ሌላ ትጠይቂያለሽ። አንዴ ጠይቂና ዝም በይ” አሏቸው። ይህ ቃል ማብራራት ለሚወዱት እኅታችን መራራ ነበር። ነገር ግን ዋጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበር ስበው በሕመምተኛው ራስጌ ይቀመጡና፣ “እስቲ” ብለው ጀምረው “እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ” ካሉ በኋላ ዝም ይሉ ነበር። ሰዉም ወገቤን ቆረጠኝ፣ ጎኔን ወጋኝ፣ ሰውነቴ ዛለ እያለ በራሱ አነጋገር ሲነግራቸው፣ የተማሩት በሽታ ሁሉ አንድ በአንድ በአገር ልብስ ለብሶ የመጣላቸው ያህል ያውቁት ጀመር። ቅጽል ስማቸውም ከዚያ ተነሥቶ እስከ ዕለተ ሞታቸው ተከተላቸው።

ዓመት ያህል እንዳለፈ በዚያው ዎርድ አንድ የጀማሪ ሐኪም ቦታ ተከፈተ። ለፈተና የተጠሩት ሁለት ሰዎች፣ እኅታችንና ረጅሙ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በሁለቱ መካከል ማንም በቃል ያልተናገረው፣ ዎርዱ ግን በሙሉ የሚያውቀው ፍቅር ተፀንሶ ስለነበር፣ ረጅሙ ስማቸውን ከውድድሩ ለማውጣት እንዳሰቡ በደረጃው ላይ ነገሯቸው። እኅታችን ከምር ተቆጡ።

“አንተ ከቀረህ እኔም እቀራለሁ” አሏቸው። “ለቅቀህልኝ ያገኘሁትን ሥራ በምን ፊቴ እሠራዋለሁ? ነገ መጥተህ ብታሸንፈኝ ይሻለኛል።”

በማግሥቱ ሁለቱም ቀረቡ። ሕመምተኛዋ እግራቸው ያበጠ፣ ተመላልሰው በመተኛታቸው የተነሣ ዎርዱ የሰለቻቸው፣ እርሳቸውም ሐኪም የሰለቻቸው አንዲት እናት ነበሩ። ረጅሙ ቀድመው ገብተው በሚገባ ጠይቀው፣ በሚገባ መርምረው ወጡ። እኅታችን ሲገቡ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ፤ “እስቲ እናቴ” ብለውም ዝም አሉ። ዝምታው ረዝሞ ከፈታኞቹ አንዱ ሰዓታቸውን ማየት ከጀመሩ በኋላ፣ ሴትዮዋ ጋደም ሲሉ ደረታቸው ላይ ሰው የተቀመጠባቸው ስለሚመስላቸው ተደግፈው እንደሚያድሩ፣ የሚያሸናውንም መድኃኒት ከተዉት መክረማቸውን ተናገሩ። የቤታቸው መጸዳጃ ከደረጃው በታች ነው፤ ጉልበታቸው ደግሞ በቀን ያን ያህል ጊዜ ደረጃ አያስወርድም። መድኃኒቱን ለምን እንደተዉት እስከዚያ ቀን የጠየቃቸው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ፈታኞቹ፣ እኅታችን ብቻቸውን ተረኛ ሆነው ሳለ እኒሁ ሴት ትንፋሽ ቢያጥራቸው ምን እንደሚያደርጉ ጠየቋቸው። እኅታችን ቀና አድርገው እንደሚያስቀምጧቸው፣ ኦክስጅን እንደሚሰጡ፣ ለመድኃኒት መስጫ የደም ሥር እንደሚከፍቱ ከተናገሩ በኋላ፣ ወዲያውኑ ለበላያቸው ሐኪም እንደሚደውሉ አስረዱ። የዎርዱ ዋና ሐኪም ጣልቃ ገብተው “እኔ ነኝ እንበል የበላይሽ፤ ስልክ ባላነሣስ?” አሏቸው።

“እስኪያነሡ እደውላለሁ። አሁንም ካላነሡ ቤትዎ ድረስ ሰው እልካለሁ” ሲሉ መለሱ።

ዋናው ሐኪም ለባልደረቦቻቸው፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚያስወስደን እንዲህ ያለ ጀማሪ ነው ማለታቸው በኋላ ተሰምቷል። ውጤቱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ አስቀድመው ያዩት ረጅሙ ነበሩና፣ ደረጃውን ወርደው “ያንቺ ነው” አሏቸው። እኅታችን ያለቀሱት ለራሳቸው ይሁን ለረጅሙ እስከ መጨረሻው ሳይለይ ቀረ። ረጅሙ ግን ዕንባው እስኪደርቅ ከታገሡ በኋላ፣ ደመወዝተኛ ሰው ምሳ መጋበዝ እንዳለበት አሳስበዋቸው ነበር።

ሥራ በጀመሩበት ማለዳ እኅታችን ከብዙ ወራት በኋላ በአባታቸው አውቶቡስ ተሳፈሩ። አባታቸው በሥራ ዘመናቸው ሁሉ አንዲት ደንብ ተላልፈው የማያውቁ ሹፌር ነበሩ። በዚያ ዕለት ግን ፌርማታ በሌለበት በሆስፒታሉ ዋና በር ፊት ለፊት አውቶቡሱን ቀጥ አድርገው አቆሙና፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ የፊተኛውን በር ከፈቱ። ከተሳፋሪው መካከል ለምን ቆምን ያለ አልነበረም። እኅታችን ወርደው በሩን እስኪያልፉ ድረስም አውቶቡሱ አልተንቀሳቀሰም።

ረጅሙም ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሌላ ሐኪም እምቢ ባለው አንድ የሩቅ ሆስፒታል የመጀመሪያ ሥራቸውን አገኙ፤ ሁለት ዓመት በስልክ ሲነጋገሩ ቆይተው ሲመለሱ ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በትዳራቸውም ዛሬ መምህርት የሆነችውን ሴት ልጃቸውንና የመኪና ሞተር ባለሙያ የሆነውን ወንድ ልጃቸውን አፈሩ። ወንድ ልጃቸው ሕክምና አለማጥናቱ ያሳዘናቸው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ እርሱም ቢሆን የታመመውን ሰምቶ ነው የሚያክመው ይሉ ነበር።

እኅታችን ከጀማሪነት ተነሥተው የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት፣ በመጨረሻም የዚያው ዎርድ ኃላፊ ሆነው እስከ ጡረታ አገልግለዋል። ኃላፊ ሲሆኑ ያደረጉት የመጀመሪያው ነገር፣ ባሕር ማዶ ተምረው ሥራ ያጡ ሐኪሞች በታዛቢነት ሲመጡ ከጋሪው ኋላ ሳይሆን ከአልጋው አጠገብ እንዲቆሙ፣ በየዙሩም ቢያንስ አንድ ጥያቄ እንዲጠየቁ ማዘዝ ነበር። ቤታቸውም ለእነዚህ ልጆች የፈተና መለማመጃ ሆነ። ሶፋው የሕመምተኛ አልጋ፣ ባለቤታቸው ሕመምተኛ፣ ልጆቻቸው አስታማሚ እየሆኑ፣ እርሳቸው ደግሞ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው የፈታኝ ወንበር ይይዙ ነበር። ባለቤታቸው ከልምምዱ ብዛት በሽታ ሁሉ አምሮባቸው፣ አንድ ቀን ከምር ራሳቸውን አሟቸው ቢናገሩ ለረጅም ጊዜ ያመናቸው አልተገኘም። ፈተና ወድቆ ለሚመጣ ልጅ እኅታችን ምክር አያዘንቡም ነበር፤ ምሳ አቅርበው፣ ምን ተብሎ እንደተጠየቀና ምን ብሎ እንደመለሰ እስከ መጨረሻው ያደምጡታል። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ይጠይቁታል።

ባለፉት ሦስት ዓመታት ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። መራመድ ሲያቅታቸው ልምምዱ ወደ መኝታ ቤታቸው ተዛወረ፤ መናገር ሲያደክማቸው በጣታቸው አልጋውን መታ እያደረጉ “ቀጥል” ይሉ ነበር። ባረፉበት ሳምንት መጀመሪያ ላይ፣ ሦስት ጊዜ ተፈትና ሦስት ጊዜ የወደቀች አንዲት ወጣት ሐኪም በአራተኛው ሥራ ማግኘቷን በስልክ አበሠረች። ባለቤታቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዙላቸው። ልጅቱ ታለቅስ ስለነበር እኅታችን እስክትጨርስ ድረስ ጠበቋት፤ ከዚያም በቀጭን ድምፅ፣

“እሰይ ልጄ። ተረከዝ የሌለው ጫማ ግዢ፤ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው የምትውዪው” አሏት።

ከዚህ በኋላ ብዙ አልተናገሩም። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና ወንድሞቻቸው በዙሪያቸው ሳለን፣ በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ትንፋሻቸው በእርጋታ አረፈ።

እኅታችን ውድ ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውንና ወንድ ልጃቸውን፣ ገና መናገር የጀመረች የልጅ ልጃቸውን፣ ሁለት ወንድሞቻቸውን እንዲሁም የወንድም ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ከእነዚህም ጋር፣ በሳሎናቸው ተፈትነው በየሆስፒታሉ ሥራ የያዙ ሐኪሞች የእርሳቸው ልጆች ናቸውና ከኀዘንተኛው ተርታ እንቆጥራቸዋለን። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ዛሬ አብረውን ቆመዋል። የቀሩት መምጣት እንዳልቻሉ ከማለዳ ጀምሮ እየደወሉ ይቅርታ ጠይቀዋል፤ በዚህ ሰዓት ተረኞች ናቸው። ቤተሰቡም አጽናንቷቸዋል፤ ሕመምተኛቸውን ጥለው ቢመጡ ኖሮ እርሳቸው ራሳቸው ይመልሷቸው ነበር።

የእኅታችንን ነፍስ ፈጣሪ በይቅርታው ተቀብሎ ድካም በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለሁላችንም መጽናናትን ይስጠን፤ በየዎርዱ በሥራ ላይ ያሉትን ልጆቻቸውን ይጠብቅልን። አሜን።