በዛፍ ላይ ያድራል የተባለው ሰው

ያፈረ ሰው መንገድ ያማርጣል። ነዚፍም በዚያ በጣሊያን ዘመን፣ በጥር ወር የመቱ ገበያ ዕለት፣ ጋሼ ሰቦቃ ከያዮ በኩል ብቅ ሲሉ ገና ከሩቅ አያቸውና በአባቱ ሱቅ ጓሮ ሊሾልክ ተነሣ። ምን ያደርጋል! ሽማግሌው ቀድመው አይተውታል።

«ነዚፍ! አቦ፣ አንተኑ ነው የምፈልገው!»

ነዚፍ የነጋዴው የሱሌማን ልጅ ነው። ፊደል ቆጥሮ፣ የጣሊያን ቋንቋ ለምዶ በጣሊያኖቹ መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ ሆኗል። ጋሼ ሰቦቃ ደግሞ በያዮ ጫካ የታወቁ ማር ቆራጭ ናቸው። ቡልኳቸውን ገለጥ አድርገው በጨርቅ የተጠቀለለ የጋዜጣ ገጽ አወጡ። ገጹ ላይ እሳቸው ራሳቸው፣ በአንዲት ግልድም ብቻ፣ ከትልቅ ዛፍ ላይ ቀፎ አቅፈው ይታያሉ።

«ያ አምና ይዘኸው የመጣኸው ጣሊያን ፎቶ አንሺ ላከልኝ። መስታወት ላስገባለት መጣሁ። እሑድ የልጄ የዱሬቲ አማቾች ይመጣሉ፤ ከማን ቤት እንደሚጋቡ ግድግዳዬ ላይ ይዩት እንጂ! እስቲ ከሥሩ ያለውን አንብብልኝ።»

ነዚፍ ይህንኑ ገጽ በመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ካየው ሳምንት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ እህል አልጣመውም።

«ጋሼ፣ ይቅርብዎ፤ አይስቀሉት።»

«ለምን? ሥዕል ይዋሻል?»

«ሥዕሉስ አልዋሸም። ጽሑፉ ነው የዋሸው።»

«እንግዲያው ጽሑፉን ተወው! እኛ ታሪካችንን በአፋችን ይዘን ኖረናል። ዱሬቲ እንኳ ‹ፊደል ልቁጠር› ብትለኝ ‹ማር በፊደል አይቆረጥም› ብያታለሁ።»

«ሙሽራው ጎሬ ጸሐፊ ነው አላሉኝም? እሱ ጣሊያንኛውን ያነበዋል፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ገጹን ወደ እሱ ገፉት። ነዚፍም አማራጭ ቢያጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ፤ «የዚህ አገር ሰው እንደ ዝንጀሮ በዛፍ ላይ ያድራል። ልብስ አያውቅም፤ ታሪክም የለውም።»

ጋሼ ሰቦቃ ቡልኳቸውን እስከ አንገታቸው ሰበሰቡት። በፀሐይ የሚያልፈው ገበያተኛ ሁሉ ራቁታቸውን የሚያያቸው መሰላቸው።

«ይህን ማን ነገረው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ነዚፍ በወደደ ነበር። «እኔ ነኝ» አለ። «እርስዎ ያን ዕለት ብዙ ነገሩት። ንብ ልብስ ውስጥ ከገባች ስለምትናደፍ ማር ቆራጭ ልብሱን እንደሚያወልቅ፤ ዛፉ ከአያትዎ የወረሱት መሆኑን፤ ለንቦቹ ቀለብ ሳያስቀሩ ቀፎ እንደማይነካ፤ በማር ወራትም እዚያው እንደሚያድሩ። ሰውዬው አዛጋና ‹ባጭሩ?› አለኝ። ‹ራቁቱን ዛፍ ላይ ያድራል› አልኩት። ሳቀ።»

«አንተስ?»

«እኔም ሳቅሁ።»

ለጌታው ሳቅ አጃቢ መሆን ክፉ ልማድ ነው፤ ብዙ የተማሩ ሰዎችንም በዚያን ጊዜ ይዟቸው ነበር። ነዚፍ በእጁ ፊቱን ሸፈነ።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «እንጀራዬን በልተህ፣ ማሬን ልሰህ! ትምህርት ማለት ይህ ከሆነ ልጄን ለምን አስተምራለሁ?»

«ቢቆጡ እውነትዎን ነው። ግን ጋሼ፣ እንደዚያ የደፈርኩት እኮ ከእኔ በቀር ጣሊያንኛ የሚሰማ ስላልነበረ ነው። ዱሬቲ ቋንቋውን ብታውቅ ኖሮ እዚያው ፊት ለፊቴ ‹ዋሸህ› ትለኝ ነበር። የሚያነብ አንድ ሰው ብቻ ባለበት አገር ያ ሰው እንዳሻው ያደርጋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ እኛ ካልጻፍን የልጅ ልጆችዎ የሚወርሱት ይህንን ወረቀት ነው።»

ጋሼ ሰቦቃ በበትራቸው መሬቱን ጫሩ። «ይህንን? የዱሬቲ ልጆች ይህንን?» አሉና ዓይናቸው እንባ ሞላ። ቀጥሎም ገጹን አጣጥፈው ከጉያቸው ከተቱ። «መስታወቱ ይቅር። ከአባትህ ሱቅ ወረቀት አምጣ። ዱሬቲም ከሠርጓ በፊት ፊደል ትጀምራለች፤ ባልዋ ጸሐፊ ከሆነ አይከለክላትም፣ ከከለከለም እኔ አለሁ። አንተ ታስተምራታለህ።»

«በደስታ፣ ጋሼ!»

ፊደል ወደ ብዙ ቤት ሲገባ የሚጠቅመው እንዲህ ነው። የአንዱ ውሸት በሌላው ዓይን ይያዛል፤ ሽማግሌ ሲያልፍም ዕውቀቱ አብሮት አይቀበርም። ሌላው ስለ እኛ የጻፈውን ማረም የሚችል ሰውም ከእኛው ቤት ይገኛል።

ነዚፍ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋ፤ ብዕሩንም ቀለም ውስጥ ነከረ። «ከአያትዎ ልጀምር? ወይስ ከዛፉ?»

«ከሳቅህ ጀምር» አሉ ጋሼ ሰቦቃ። «እሑድ በአማቾቼ ፊት ቆመህ የምታነበው አንተ ነህ።»

ነዚፍ ቀና ብሎ አያቸው፤ አልቀለዱም። ጎንበስ አለና የራሱን ስም ጻፈ።