እማማ ብርቄ ዮጋ ሲሠሩ

የነገሩን ቅደም ተከተል ልሳሳት እችላለሁ። በሥራ ጭንቀት እንቅልፍ ስላጣሁ ሐኪሜ በሰፈራችን በቢልመር ወደሚሰጥ የዮጋ ትምህርት ላከችኝ። አጠገቤ በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው እማማ ብርቄ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ እሳቸውን ያመጣቸው ወገባቸው ነው። ግንባራችሁን መሬት አስነኩ ስንባል እኔ ተንቀጠቀጥኩ፣ እሳቸው እጥፍ አሉ። አሠልጣኟ ተገርማ በደች ቋንቋ፣ "ስንት ዓመት ሠርተዋል?" አለች። ተረጎምኩላቸው።

"ዮጋ ዛሬ ነው የጀመርኩት፤ ስግደት ግን ከልጅነቴ ነው በላት።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ደግሞ ምን ታጉተመትማለህ?"

"ትንፋሼን እየቆጠርኩ ነው። አራት ማስገባት፣ ስድስት ማስወጣት።"

"አዬ ልጄ! ቆጠራውን ተውና ተንፍስ፤ የሚያርምህ የለም።"

ሳቄ አመለጠኝ፤ ትከሻዬም አብሮ ወረደ። በማግስቱ ሥራ አረፈድኩ። ማንቂያው ያልጮኸ መስሎኝ ስልኬን ሳጣራ፣ ሦስት ጊዜ ጮኾ ኖሯል።