ዋግምቱ ይቅር

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚሄደው ሚኒባስ ሾፌሩ ከፊት፣ እኔ ከኋላው መስኮቱ ጥግ፣ አንዲት መምህርት ከአጠገቤ፣ ከትክል ድንጋይ የመጣችው አክስቷ ደግሞ ከእሷ ቀጥላ ተቀምጠን ነበር። ወሬያቸው በመምህርቷ ባት ላይ እንደ ሸረሪት ድር ስለተሰራጨው ሰማያዊ የደም ሥር ነበር፤ እሱን ልትታከም ፒያሳ ወዳለ ክሊኒክ እየሄደች ነው።

«ምነው ዋግምቱን ጠላሽው? ዋጋሚው እጁ ሸጋ ነው፤ የረጋውን ደም ያወጣልሻል» አለች አክስቷ።

«አምና ታግሜ አይቼዋለሁ። ደሙ በስንት ነጠላ ነው የቆመው?»

«በሁለት።»

«በሦስት። ሦስተኛው የአንቺ ነበር።»

«ዶክተሩስ ምን ያደርግልሻል?»

«በቀጭን መርፌ መድኃኒት ይወጋውና ሥሩ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ከዚያ ጠበቅ ያለ ካልሲ አድርጌ እራመዳለሁ።»

«ባትሽን ለወንድ ልትገልጪ ነው?»

«ዋጋሚው ሴት ነበር እንዴ?»

«እሱማ የሰፈር ሰው ነው።»

መምህርቷ ሳቀች።

«እሺ፣ ባይጠፋስ?»

«ደግሜ እመጣለሁ። ቆሜ ሳስተምር ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ እግሬ ይቃጠላል። ተማሪዎቼ ወንበር ማምጣት ጀምረዋል። ተቀምጬ ማስተማር አልፈልግም፣ አክስቴ።»

«ሰውየውን እኮ ለነገ ቀጥሬዋለሁ።»

«ደውለሽ ዋግምቱ ይቅር በይው። ወራጅ አለ።»

መምህርቷ ክሊኒኩ በር ላይ ወረደች፣ አክስቷም ቦርሳዋን ይዛላት ተከተለቻት፣ እኔም የራሴ ባት እንደ እሷው ነውና በሩ አረንጓዴ መሆኑን አይቼ በልቤ ያዝሁ።