ከጽጌረዳው ሥር የነበረው እጅ

አዲስ አበባ፣ የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ አዳራሽ፣ የመክፈቻው ዋዜማ፤ ፎቶ አንሺዋ ስንዱና ፎቶዎቿን በኮምፒውተር የሚያርምላት ታናሽ ወንድሟ ልዑልሰገድ፣ በድቅድቅ ጥቁር መደብ ላይ አንዲት ነጭ ጽጌረዳ ብቻ ከምትታይበት ትልቅ ፎቶ ፊት ቆመዋል።

ስንዱ፦ እጇስ? የእማዬ እጅ የት ገባ ነው የምልህ!

ልዑልሰገድ፦ ቀስ በይ እቴቴ፣ ሰው ይሰማል።

ስንዱ፦ ይስማ! አበባውን የያዘችበት እጅ እዚህ ጋ ነበር። አሁን ጽጌረዳዋ ያለ ያዥ አየር ላይ ቆማለች።

ልዑልሰገድ፦ ጀርባው ጨለማ ሲሆን የሚያምረው እንዲህ ነው፤ ዐይን ወደ አበባው ብቻ ይሄዳል። ራስሽ አይደለሽ እንዴ ሁሌ "አጨልመው፣ አጨልመው" የምትዪኝ?

ስንዱ፦ አጨልም ያልኩህ ጨርቁን ነው! አቧራውን ጥረግ፣ የከፋዩን እጥፋት አጥፋ አልኩህ። እናቴንም አብረህ ጥረጋት አልኩህ?

ልዑልሰገድ፦ ነገር አታክብጂ። ሌሎቹን ፎቶዎች አልነካሁም።

ስንዱ፦ ሌሎቹ ላይ እጅ የለማ! ይቺን ለማንሳት ስንቴ እንደለመንኳት ታውቃለህ? ዕድሜ ልኳን ጣቶቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ የኖረች ሴትዮ! ሰው እንዳይጨብጣት ከሩቅ ጎንበስ ብላ ሰላም የምትል! መስኮቱን ገርበብ አድርጌ፣ ጥቁሩን ከፋይ ከኋላዋ ሰቅዬ፣ "አበባውን ብቻ ያዢልኝ" አልኳት። ያነሳሁትን ሳሳያት ምን አለች? "ለካ ያምራል" አለች። በዚህ ዕድሜዋ!

ልዑልሰገድ፦ አውቃለሁ።

ስንዱ፦ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ! ባታውቅማ ይቅር እልህ ነበር። በል፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው፤ ነገ ማን ይመጣል?

ልዑልሰገድ፦ የ... የብሌን ቤተሰቦች። አባቷና አጎቶቿ።

ስንዱ፦ አማቾችህ! እንደሱ በለኛ!

ልዑልሰገድ፦ ሽማግሌ ልከን መልስ እየጠበቅን ነው፣ እቴቴ። አባቷ ዘር ሳያጣራ ልጁን አይሰጥም። እነዚያን ጣቶች ካየ "እዚያ ቤት የሥጋ ደዌ አለ" ነው የሚለው።

ስንዱ፦ ታክማ ከዳነች ስንት ዘመኗ! ደግሞ በዘር አይመጣ። እኔና አንተ ከዚያ እጅ ጎርሰን አይደል ያደግነው? ምን ሆንን?

ልዑልሰገድ፦ እኔ ጠፍቶኝ ነው? እነሱ ናቸው የማያውቁት።

ስንዱ፦ ንገራቸዋ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ልዑልሰገድ፦ ከነገርኳቸው ብሌንን አጣታለሁ። እወዳታለሁ፣ ስንዱ።

ስንዱ፦ የሠርጉ ቀን እማዬን የት ልታስቀምጣት ነው? ጓዳ? ወይስ እሷንም እንደዚህ ታጨልማታለህ?

ልዑልሰገድ፦ እሱን... እስከዚያ አንድ ነገር ይፈጠራል።

ስንዱ፦ ወይ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር! ባዳ ቢያደርገው እኮ አይቆጨኝም። እኔ ሥራዬን ዐይኔን ጨፍኜ ነበር የምሰጥህ። ከዳኸኝ፣ ልዑሌ። እኔንም እሷንም ከዳኸን። ደግሞ ጨርሰህም አላጠፋኸው፤ የአውራ ጣቷ ጥላ የአበባው ቅጠል ላይ ቀርቷል።

ልዑልሰገድ፦ የቱ ጋ? እ... አላየሁትም ነበር። ቆይ፣ አሁኑኑ አስተካክዬ እንደገና አሳትመዋለሁ።

ስንዱ፦ ያስተካክላል ደግሞ! አያፍርም እኮ! እውነትም ከራስ በላይ ነፋስ።

ልዑልሰገድ፦ እንደሱ አትበዪኝ! ላልናገር ምዬ ነበር፣ አንቺ ግን አፌን አስከፈትሽው።

ስንዱ፦ ምኑን ነው የማትናገረው?

ልዑልሰገድ፦ እሷ ናት አጥፋው ያለችኝ። "ልጄ፣ በእኔ ምክንያት ትዳር አይቅርብህ" ብላ፣ እያለቀሰች። እናት እያለቀሰች ስትለምን እምቢ ይባላል?

ስንዱ፦ እማዬ? "ለካ ያምራል" ያለችው እማዬ?

ልዑልሰገድ፦ በእግዚአብሔር። "ለስንዱ እንዳትነግራት፣ ይከፋታል" ብላኛለች።

ስንዱ፦ ትላለች። እናት ናትና ትላለች። አንተ ግን እሺ አልካት።